ልጆች ቅርጽ አይተው ሲስሉ የማቀድ ችሎታቸው እንዴት ይታያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ልጆችን መገምገም ነው። ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ልጅ፣ መሀል ላይ አንድ ካርድ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ እርሳስ። "ይሄን እያየህ እዚህ ጋ ሳልልኝ" እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ አያለሁ። ወላጆች ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ስዕሉ ነው፤ "አማረ? ተመሳሰለ?" እኔ ግን እሱ እየሳለ ሳለ ስከታተል የቆየሁት ሌላ ነገር ነው። ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። መልሱንም ፊት ለፊት ተቀምጠን ብናወራ እንደምለው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቅርጽ አይቶ መሳልን ከማቀድ ጋር ምን አገናኘው?

እቅድ ሲባል እኛ አዋቂዎች የምናስበው ቀጠሮ፣ ገንዘብ፣ ጉዞ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን እቅድ ማለት "ከየት ልጀምር? ቀጥሎ ምን ይምጣ? ቦታው ይበቃኛል?" ነው። ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ላይ ይመጡበታል። ካርዱ ላይ ያለውን ቅርጽ በዓይኑ ይበትነዋል፣ ትልቁን ከትንሹ ይለያል፣ ተራ ያወጣል፣ እየሳለ ካርዱንና ወረቀቱን ያመሳክራል፣ ሲሳሳት ያርማል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ደስ የሚለው ነገር እርሳሱ ዱካ ትቶ መሄዱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ጭንቅላት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ሐሳብ እዚህ መስመር በመስመር ይታያል።

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ይባል የለ? የምንፈልገው ልክ እሱን ነው። ልጁ ከመጀመሩ በፊት መጥኗል ወይስ ወረቀቱ ሲያልቅበት ነው የደነገጠው?

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ። ለማቀድ በጣም የሚያስፈልገው የአንጎል የፊት ክፍል ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ እስከ ሃያዎቹ እድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየተስተካከለ ይሄዳል። የአራት ዓመት ልጅ ሳያቅድ ቢስል የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ "ለእድሜው እንዴት ነው?" ነው።

የትኞቹ ፈተናዎች ናቸው ለዚህ የሚያገለግሉት?

ዝነኛው የሬይ-ኦስትሪዬት ቅርጽ ነው። የስዊዘርላንዱ ሳይኮሎጂስት አንድሬ ሬይ በ1941 አወጣው። ፖል ኦስትሪዬት ደግሞ በ1944 ከ4 እስከ 15 ዓመት ባሉ 230 ልጆችና በ60 አዋቂዎች ላይ ሞክሮ ነጥብ አሰጣጥ አበጀለት። ቅርጹ ትልቅ ሬክታንግል ነው፤ ውስጡ በሰያፍ፣ በአግድምና በቁም መስመሮች ተከፋፍሏል፣ ውስጡም ዳርና ዳሩም ላይ ደግሞ መስቀል፣ ሦስት ማዕዘን፣ ዳይመንድ፣ ሦስት ነጥብ ያላት ትንሽ ክብ እና ሌሎችም ቁርጥራጮች አሉበት። ሆን ተብሎ የምንም ነገር ስዕል እንዳይሆን ተደርጓል። በ18 ክፍሎች ተቆጥሮ እያንዳንዱ እስከ 2 ነጥብ ያገኛል፣ ድምሩ 36 ነው። ለትንንሾቹ ስለሚከብድ ሬይ ራሱ ቀለል ያለ ሌላ ቅርጽም ሠርቷል፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ሬክታንግል እርስ በርስ ተደራርበው ያሉበት።

የቤንደር ፈተናም አለ። ሎሬታ ቤንደር በ1938 ያወጣችው ሲሆን ዘጠኝ ካርዶች ነበሩት፤ በ2003 የታተመው ሁለተኛው እትም 16 አደረሳቸው። የዚህ ፈተና አንድ ነገሩ በጣም ይመቸኛል፤ ልጁ ካርዶቹን ተራ በተራ እያየ በነጭ ወረቀት ላይ ነው የሚስላቸው፣ የትኛው የት ይቀመጥ የሚለውን የሚነግረው የለም። አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ካርድ የወረቀቱ መሀል ላይ አግዝፎ ይስልና ለቀሪዎቹ ቦታ ሲፈልግ ወረቀቱን እያዟዟረ ክፍተት ለክፍተት ይሸጎጣል። ሌላዋ ከላይ ከግራ ጀምራ በተራ ትደረድራለች።

የቢሪ ፈተና ደግሞ በ1967 ነው የወጣው። ቀላል ከሆነ መስመር ይጀምርና ቅርጾቹ እየከበዱ ይሄዳሉ፣ ሦስት ተከታታይ ቅርጽ ካልተሳካ እዚያ ላይ ይቆማል። ኔፕሲ የሚባለው የልጆች ፈተና ስብስብም ቅርጽ አይቶ መሳልን ይዟል፤ በ2007 የወጣው ሁለተኛው እትሙ ከ3 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን የቅርጹን አጠቃላይ ይዞታ፣ ዝርዝሩንና የእጅ ቅልጥፍናውን ለያይቶ ማየት ያስችላል።

እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ውስጥ ስለ ማቀድ ብዙ የሚነግረኝ የሬይ ቅርጽ ነው። የቢሪ ቅርጾች አብዛኞቹ ትንንሽና ነጠላ ስለሆኑ ብዙ ማቀድ አይጠይቁም፤ እነሱ ይበልጥ የሚለኩት ዓይንና እጅ አብረው መሥራታቸውን ነው።

ስዕሉ ከተመሳሰለ በቃ፣ አቅዷል ማለት አይደል?

አይደለም። ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሰባት ዓመት ልጆች መጡልኝ። አንደኛው ካርዱን እንዳየ ዓይኑ ያረፈው ሦስት ነጥብ ባላት ክብ ላይ ነው። "ፊት ነች!" አለና እሷን ሳላት። ልጆች እሷን ክብ ሲያዩ ሁለት ዓይንና አፍ ነው የሚታያቸው፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ከእሷ ይጀምራሉ። ከዚያ አጠገቧ ያለውን መስመር ሳለ። ከዚያ ከመስመሩ ጋር የሚነካካውን ሦስት ማዕዘን። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎረቤት ለጎረቤት ሄደ። ትልቁን ሬክታንግል አንድ ጊዜም እንደ አንድ ነገር አልሳለውም፤ አንዱ ጎኑ ሲደርስበት፣ ሌላው ጎኑ ሲደርስበት ነው የገጣጠመው። እጁ ጥሩ ስለሆነና ታጋሽ ስለነበር መጨረሻ ላይ ሲታይ ካርዱን ይመስላል። በስተቀኝ በኩል ብቻ ወረቀቱ አልቆበት ጫፉን አጣሞ ጨርሶታል።

ሁለተኛዋ ልጅ እርሳሱን አንስታ አልጀመረችም። ካርዱን አየችው። በጣቷ ትልቁን ሬክታንግል አየር ላይ ዞረችው። ከዚያ ወረቀቱ መሀል ላይ ሬክታንግሉን ሳለች፣ ሰያፎቹን አሳለፈች፣ በመጨረሻ ትንንሾቹን እየለጠፈች ሄደች። መስመሯ ይንቀጠቀጣል። መስቀሉ ከቦታው ፈቀቅ አለ። አንድ ሁለት ነገርም ረስታለች።

ነጥባቸው ሲደመር ተቀራራቢ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ ልጆች አንድ ናቸው ይላል። ሆኖም አንዱ ያለ እቅድ በትዕግሥት ነው የተወጣው፣ ሌላዋ ደግሞ እቅዷ ደህና ሆኖ እጇ ነው ያልታዘዘላት። ለእሱ የሚያስፈልገውና ለእሷ የሚያስፈልገው እርዳታ አይገናኝም። ቤት ስዕሉን ብቻ ይዘው ቢሄዱ ኖሮ ምስጋናውን የሚያገኘው እሱ ነበር፣ እሷ ደግሞ "እጅሽ ምን ነካው?" ትባላለች፤ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል።

ኦስትሪዬትም ከነጥቡ ሌላ ልጆቹ እንዴት እንደሚጀምሩና እንዴት እንደሚቀጥሉ በሰባት ዓይነት መድቦ ነበር። ከትልቁ ሬክታንግል የሚነሱ አሉ፤ ከአንድ ዝርዝር ተነስተው ወደ ሬክታንግሉ የሚገቡ አሉ፤ የውጩን ዙሪያ መጀመሪያ የሚስሉ፣ ቁራጭ በቁራጭ የሚለጥፉ፣ እያለ ይቀጥላል። ከ13 ዓመት ጀምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሬክታንግሉን መሠረት አድርገው ነው የሠሩት። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ቁራጭ በቁራጭ ቢሄድ ብቻውን አያስደነግጥም።

የሳለበት ቅደም ተከተል እንዴት ይያዛል? ስዕሉ ካለቀ በኋላ አይታወቅም እኮ።

አይታወቅም፣ ትክክል። ለዚህ ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ባለቀለም እርሳስ ነው። ልጁ በቀይ ይጀምራል፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ ባለሙያው ቀዩን ተቀብሎ ሰማያዊ ይሰጠዋል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። ስዕሉ ሲያልቅ ቀዩ የመጀመሪያው፣ አረንጓዴው የመጨረሻው መሆኑ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ዘዴ ባለሙያው ራሱ በሌላ ወረቀት እየተከተለ እየሳለ መስመሮቹን ቁጥር መስጠት ነው። ይሄኛው ያደክማል ግን ልጁን አያቋርጠውም። ትንንሾቹ እርሳስ ሲቀየርባቸው ሐሳባቸው ይሰረቃል፤ "ለምን ወሰድሽብኝ?" ብላኝ ስዕሉን የተወችው ልጅ አለች። ስለዚህ ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑት እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ።

ለነጥብ አሰጣጡም ቢሆን አማራጭ አለ። በቦስተን የተዘጋጀ አንድ ዘዴ ለእቅድ፣ ለመቆራረጥ፣ ለንጽሕናና ለሌሎችም ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል። እንዲህ ዓይነቱ ከአንድ ድምር ቁጥር ይልቅ ብዙ ያወራል።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ ካሬ ስዪ ስትባል ክብ ነገር ነው የምትስለው። ልጨነቅ?

አይዞሽ፣ አትጨነቂ። በግርድፉ እንዲህ ነው፤ ክብ ወደ 3 ዓመት ገደማ፣ መስቀል ወደ 4፣ ካሬ ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 5፣ ሦስት ማዕዘን 5 ዓመት ወይም ትንሽ አለፍ ሲል፣ ዳይመንድ ከ6 እስከ 7። ወራት ወዲያና ወዲህ ማለት ያለ ነው።

ዳይመንዱ ለምን እንደሚዘገይ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ካሬ በሰያፍ ቢቆም ዳይመንድ አይደል? ለዓይን አዎ። ለእጅ ግን ሌላ ነገር ነው። የካሬ መስመሮች ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እኩል ስለሚሄዱ ጠርዙ ራሱ ይመራል። የዳይመንድ አራቱም መስመሮች ሰያፍ ናቸው፣ መደገፊያ የላቸውም፣ እና የመጀመሪያው መስመር የት ላይ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ካልታሰበ የመጨረሻው መስመር መነሻው ጋ አይደርስም። የአምስት ዓመት ልጅ ዳይመንድ ሲስል ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሦስቱ መስመር ደህና ይሄዳል፣ አራተኛው ላይ ክፍተቱን ሲያይ እጁ ይቆማል፣ ከዚያ አጥፎ ወይም ጆሮ የመሰለ ነገር ቀጥሎ ይዘጋዋል። ያቺ ጆሮ እቅድ የጎደለባት ቦታ ነች።

አንድ ሌላ ነገር። "እኔ ስስል እያየች ትስለዋለች እኮ" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ያ ይለያል። ሌላ ሰው ሲስል አይቶ መሳል ቀደም ብሎ የሚመጣ ችሎታ ነው፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉን አበድራችኋታል፤ ከየት እንደሚጀመር አይታለች። ያለቀ ቅርጽ ተሰጥቷት ስትስል ግን ተራውን ራሷ ማውጣት አለባት። ሁለቱን አለመቀላቀል ጥሩ ነው።

ልጄ ወረቀቱን ትቶ ካርዱ ላይ ሊስል ይሞክራል፣ ወይም ስዕሉን ከካርዱ ጋር አጣብቆ ይስላል። ምንድን ነው?

ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባሉት ዘንድ የተለመደ ነው፣ እያደጉ ሲሄዱ ይቀንሳል። እጅ ዓይን ወዳለበት ይሳባል። ስድስት ዓመት አልፎትም ይህንን ደጋግሞ የሚያደርግ ከሆነ ለገምጋሚው ንገሩት፣ ትርጉም ያለው መረጃ ነው።

ችግሩ የእጅ ይሁን፣ የዓይን ይሁን፣ የማቀድ በምን ይታወቃል?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንዳንድ ባለሙያም ይዘለዋል። አንድ ልጅ ቅርጽ አይቶ መሳል ካቃተው ቢያንስ አራት በር አለ። ማየት፣ እጅ፣ ዓይንና እጅን ማገናኘት፣ ማቀድ። በነዚህ ላይ ትኩረት ሲጨመር አምስት።

መጀመሪያ የዓይን ምርመራ። ቀላል ይመስላል፣ ግን መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ ስንት ጊዜ "ትኩረት የለውም" ተብሎ እንደሚመጣ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ቀጥሎ ለያይቶ መፈተን ነው። የቢሪ ፈተና ለዚህ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ ልጁ ምንም ሳይስል የሚመሳሰሉትን ቅርጾች ብቻ ይመርጣል፣ በሌላው ደግሞ በተሰመረ መንገድ ውስጥ ከዳር ሳይወጣ ያሰምራል። መምረጡ ጥሩ ሆኖ ማስመሩ ከደከመ ነገሩ ወደ እጅ ያደላል። ማስመሩ ጥሩ ሆኖ መምረጡ ከደከመ ወደ እይታ። ሁለቱም ደህና ሆነው ስዕሉ ከተበታተነ፣ እንግዲህ ማገናኘቱን ወይም ማቀዱን ነው የምንጠረጥረው።

ከዚያ አንድ ሙከራ አለ፣ እሱን እወደዋለሁ። ልጁ የሬይን ቅርጽ በራሱ መንገድ ስሎ ከጨረሰ በኋላ ያው ቅርጽ በደረጃ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ሬክታንግሉ ብቻ፣ ቀጥሎ ሬክታንግሉ ከነሰያፎቹ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ ክፍሎች፣ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩ። ስዕሉ በአንዴ ካማረ እጁም ዓይኑም ደህና ነበሩ ማለት ነው፤ የጎደለው ተራውን ማውጣት ነበር፣ እሱን ስንሰጠው ተሻለ። እንዲህ ተረድቶም ስዕሉ ያው ከሆነ ሌላ በር እናንኳኳለን። አንድ ልጅ ከደረጃው በኋላ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አይቶ "ይሄኛውን ማን ሳለው?" አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ወረቀቱን አልመልስ ብሎ ይዞት ሄደ።

የማስታወስ ክፍሉም ይረዳል። የሬይ ቅርጽ ከተሳለ በኋላ ካርዱ ይነሳና ከሦስት ደቂቃና ከ30 ደቂቃ በኋላ "የምታስታውሰውን ሳል" ይባላል። ሲስል ትልቁን ይዞ የጀመረ ልጅ ሲያስታውስም ትልቁን ይዞ ይመጣል። ቁራጭ በቁራጭ የሄደው ቁርጥራጩን ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ "የማስታወስ ችግር አለበት" የተባለ ልጅ ሲጀመር በደንብ ያልተደራጀ ነገር ነው ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል።

እርሳስ ብዙ ይዞ የማያውቅ ልጅ በዚህ ፈተና ቢደክም ፍርዱ ትክክል ነው?

አይደለም፣ ይህንንም ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ሮበርት ሰርፔል በ1979 ያሳተመው ጥናት አለ፤ የዛምቢያና የእንግሊዝ ልጆች የተሰጣቸውን ቅርጽ በተለያየ ነገር እንዲሠሩት አደረገ። በእርሳስና በወረቀት የእንግሊዞቹ በለጡ። በሽቦ ሲሆን የዛምቢያዎቹ በለጡ፣ ምክንያቱም ሽቦ አጣምመው መጫወቻ መሥራት የለመዱት ነው። በሸክላ ጭቃ ሲሆን ተቀራረቡ። ቅርጽ የመያዝ ችሎታ ሁሉም ዘንድ ነበረ፣ የሚወጣበት መንገድ ነው የተለያየው።

እንግዲህ ትምህርት ቤት ዘግይቶ የገባ፣ ቤት ውስጥ እርሳስና ወረቀት ያላገኘ ልጅ ሲመጣ የሌላ አገር ልጆች አማካይ ላይ አስቀምጦ "ዝቅተኛ" ብሎ መጻፍ በደል ነው። ያው ቅርጽ በእንጨት ስንጥር ወይም በብሎኬት እንዲሠራው መጠየቅ ይቻላል። በስንጥር ሲሠራ ትልቁን መጀመሪያ ካስቀመጠ እቅዱ እዚያው ነው።

የጽሕፈት አቅጣጫም ይገባበታል። ጉድናውና ሌቪን በ1973 ልጆች ሲስሉ ሕግ እንዳላቸው አሳይተዋል፤ ከላይ መጀመር፣ ከግራ መጀመር፣ ቁሙን ወደ ታች፣ አግድሙን ወደ ቀኝ ማሰመር፣ እያለ እንደ ሰዋስው የሚሄድ። ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፍ ቋንቋ የተማሩ ልጆች ዘንድ አግድሙን ወደ ግራ ማሰመር ይበዛል። ግራኝ ልጆችም እንደዚያው። አቅጣጫው በመገልበጡ ማንም ነጥብ ሊያጣ አይገባም።

ልጄ ፈተናው ላይ ዝም ብሎ ካርዱን እያየ ቆየ፣ አልጀመረም። ነጥቡን አበላሸው?

ሊሆን የሚችለው ተቃራኒው ነው። እርሳሱን ከወረቀቱ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑ ካርዱ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ፣ እኔ በውስጤ "እያሰበ ነው" እላለሁ። ማቀድ ከውጭ ሲታይ ዝምታ ነው። ወላጅ አጠገብ ካለ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው "በል ጀምር እንጂ!" የምትለዋ ነች። ፈርቶ የተቀመጠና እያሰበ የተቀመጠ ልጅ ግን ይለያያሉ፤ የፈራው የሚያየው እኔን ነው፣ ካርዱን አይደለም።

ላጲስ ይፈቀዳል?

በብዙዎቹ አይፈቀድም፤ ቢሪ ላይ ለምሳሌ ክልክል ነው። ወረቀት ማዟዟርም እንደዚያው። ላጲስ ካለ ዱካው ይጠፋል።

ውጤቱ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማድረግና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) ወይም ኦቲዝም አለበት ወይ የሚለውን ይነግረናል?

ብቻውን በፍጹም። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች በአማካይ ሲታዩ ሲስሉ ተራ ማውጣት ይከብዳቸዋል፣ ያ እውነት ነው። ግን ኤዲኤችዲ ኖሯቸው አሳምረው የሚስሉ ሞልተዋል፣ ሳይኖርባቸው የሚበታትኑም ሞልተዋል። ኤዲኤችዲ የሚታወቀው ባሕርዩ በሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ ለረጅም ጊዜ መታየቱን በማጣራት ነው። በአንድ ስዕል በሽታ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው አማክሩ።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችም በዚህ ዓይነት ፈተና በአማካይ ዝቅ ይላሉ፣ ስለዚህ ልጃችሁ ቀድሞ ከተወለደ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን አትዘግዩ፤ በፊት ይስለው የነበረውን አሁን መሳል ካቃተው፣ ማለትም ችሎታው ወደ ኋላ ከሄደ፣ ፈተና ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ቤት ውስጥ ቅርጾቹን ባለማምደው ምን ችግር አለው?

የፈተናውን ቅርጾች ከኢንተርኔት አውርዶ ማስጠናት ይጎዳል። ልጁ ቅርጹን በቃሉ ከያዘው ፈተናው የሚለካው ነገር አይኖርም፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነም እርዳታው ይዘገይበታል። እባካችሁ አታድርጉት።

ማቀድን ማለማመድ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ይቻላል፣ ደግሞም ስዕል ብቻ መሆን የለበትም። በብሎኬት የተሠራ ነገር አይቶ መሥራት፣ ወረቀት አጥፎ ጀልባ መሥራት፣ የተበታተነ ስዕል መገጣጠም ሁሉም ይረዳሉ። ቁም ነገሩ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ላይ ነው። "ከሁሉም ትልቁ የቱ ነው?" "ከየት ብንጀምር ይሻላል?" "እዚህ ጋ ካደረግነው ያኛው ቦታ ያገኛል?" ከዚያ መልሱን ጠብቁ፣ አትቅደሙት። ሲሳሳት ተዉት፣ ወረቀቱ ይለቅበት። በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ከየት እንደሚጀምር እዩ። ትንንሽ ልጆች እቅዳቸውን ድምፅ አውጥተው ያወራሉ፤ "አሁን ክቡን፣ አሁን እግሩን" እያሉ። ዝም አታሰኟቸው። ያ ወሬ ነው ቆይቶ ውስጥ ለውስጥ የሚሆነው።

ሪፖርቱን ስቀበል ምን ልጠይቅ?

ስዕሉን ራሱን አሳዩኝ በሉ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁ። ከየት ጀመረ? ትልቁን ቅርጽ መቼ ሳለው? በደረጃ ሲሰጠው ተሻሻለ? የተነጻጸረው ከየትኞቹ ልጆች ጋር ነው? እጁና ዓይኑ ለብቻ ታይተዋል? ቀኑን ደክሞት ወይም ታምሞ ነበር? ባለሙያው ወረቀቱን ወደ እናንተ አዙሮ በጣቱ "ቀዩ እዚህ ጋ ነው ያለቀው፣ ሰማያዊው ከዚህ ይነሳል" እያለ ካሳያችሁ ልጃችሁን በደንብ አይቶታል። ያለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ቀጠሮ አስይዛችሁ ስዕሉን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት።